ከባህር ዛፍ በላይ ያለ ግቢ ከሰደድ እሳት እንዲተርፍ

ጥያቄ፦ እናትና አባቴ የሚኖሩት ተሁለደሬ ነው፤ ከሐይቅ ከተማ ከፍ ብሎ ያለ ተዳፋት ላይ። ዋናው ቤት የጭቃ ሆኖ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ማድ ቤቱ ግን አሁንም የሳር ክዳን ነው። ከቤቱ በታች የእኛና የጎረቤት ባህር ዛፍ አለ። ከበላይ ደግሞ ከከብት የተከለለ ተራራ ነው፤ ሳሩ ወገብ ይደርሳል፣ ጥድም አለበት። ግቢው የታጠረው በፈረንጅ ጥድ ነው። ባለፈው የካቲት ተራራው ላይ እሳት ተነስቶ የመንደሩ ሰው በቅጠል እየመታ ነው ያጠፋው። ከዚያ ወዲህ አባቴ በዙሪያችን ያለውን ዛፍ በሙሉ ካልቆረጥኩ ይላሉ። ልክ ናቸው? እኔ ደሴ ስለምሠራ ማገዝ የምችለው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ከምን እንጀምር?

ምላሽ፦ አባትዎ መጥረቢያውን ለጊዜው ያስቀምጡት። ዛፉን በሙሉ መቁረጥ ጉልበት ይጨርሳል፣ ክረምት ሲገባ አፈሩን ያስጠርጋል፣ ቤቱን ግን ያን ያህል አያድነውም። ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚቃጠለው ከግድግዳው አሥር ሃያ እርምጃ ውስጥ ባለ ነገር ነው፦ ታዛ ሥር በተደረደረ እንጨት፣ በጭድ ክምር፣ በኩበት፣ ማድ ቤቱን በነካ አጥር። ስለዚህ ሥራው ከግድግዳው ተጀምሮ ወደ ውጭ ይሄዳል። ደኑ ጋ የሚደረሰው መጨረሻ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በሰሜን ምዕራብ ካናዳ ሆን ተብሎ ደን እየተቃጠለ፣ ከዳሩ በተለያየ ርቀት የእንጨት ግድግዳ ቆሞ ታይቷል። 10 ሜትር ላይ የቆመው አንዳንዴ ተቀጣጠለ። 30 ሜትር ላይ የቆመው ግን አልተቀጣጠለም። ያ እንጨት ነው፤ የወላጆችዎ ግድግዳ ደግሞ ጭቃ። ትልቁ ነበልባል አንድ ቦታ ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ገደማ ስለሆነ በደንብ የተመረገ ጭቃ ይችለዋል። የሚያስቸግረው ፍንጣሪው ነው።

ከባህር ዛፉ ሥር ይሂዱና የወደቀ ቅርፊት አንድ ያንሱ። ክንድ ያህል ይረዝማል፤ ሲደርቅ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ እንደ ዋሽንት ቱቦ ሆኗል፤ በእጅ ሲይዙት ክብደት የለውም። እሳት ሲይዘው ከውስጥ እየጋመ፣ ሳይጠፋ በነፋስ ይነሳል። መቶ ሁለት መቶ ሜትር መሄድ ለእሱ ምንም አይደለም፤ ነፋስ ሲበረታ ከኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ያረፈው የተጠረገ መሬት ላይ ከሆነ ከስሎ ይቀራል። ጭድ ላይ ካረፈ ግን ያ ቤት አለቀለት። እንግዲህ ግቢው መሐል ቆመው፣ ይህ ቅርፊት እየጋመ ከሰማይ ቢዘንብ የት የት ያርፋል ብለው አንድ ጊዜ ዙሪያውን ይዩ። የሥራዎ ዝርዝር እዚያው ይወጣል።

ከግድግዳው እስከ ሁለት ሜትር

የእኛ አገር ታዛ የማይሸከመው ነገር የለም፦ የተፈለጠ እንጨት፣ የማሽላ አገዳ፣ ባዶ ቀፎ፣ ሞፈርና ቀንበር፣ የዶሮ ቆጥ። በክረምት ይሁን፤ ከዝናብ ሌላ ምን መጠለያ አለ። ከታህሳስ ጀምሮ በልጉ በደንብ እስኪጥል ድረስ ግን ታዛው ባዶ መሆን አለበት። ከግድግዳው ሁለት ሜትር ድረስ ሳር፣ ቅጠል፣ ፍልጥ፣ የደረቀ አበባ አይኑርበት፤ የተጠረገ ደልዳላ አፈር ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ይሁን። ድንጋይ ማንጠፍ ከተቻለ ይመረጣል፤ የክረምት ጠፈጠፍ የግድግዳውን ሥር እንዳይበላውም ይረዳል።

የግድግዳውን ሥር ጎንበስ ብለው ይዩት። ዝናቡ የሚረጨው እዚያ ስለሆነ ምርጊቱ ረግፎ ጭራሮውና ማገሩ ከጉልበት በታች ወጥቶ ይታያል። ፍንጣሪ ነፋስ እየገፋው የሚሰበሰበው ልክ እዚያው ነው፤ አመድ የሚከማችበትን ጥግ አይተው ያውቃሉ። በጥቅምት ወይም በህዳር፣ ውሃ በማይቸግርበት ጊዜ፣ ጭድ ያለው ጭቃ ሁለት ዙር ይመረግ፤ ውፍረቱ ከሦስት ጣት አይነስ። የመጀመሪያው ዙር ሳይደርቅ ሁለተኛውን ከጫኑበት ሁለቱም ተያይዘው ይሰነጠቃሉ፣ ስንጥቁም ለፍንጣሪ መግቢያ ይሆናል። ቢያንስ አንድ ሳምንት ይለያዩት።

ቆርቆሮው ሰውን ያዘናጋል። ቆርቆሮ አይነድም፤ ከሥሩ ያለው ግን ይነዳል። በጣራውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት፣ በቆርቆሮው ሞገድ ሥር ወፍ ጎጆ ትሠራለች፤ ጎጆዋ ደግሞ ደረቅ ሳር ነው። ውስጥ ያለው ኮርኒስ ከማዳበሪያ ከረጢት ወይም ከጨርቅ የተሰፋ ከሆነ አንድ ፍንጣሪ ይበቃዋል፤ ቤቱ ከውስጥ ሲነድ ውጭ ያለው ሰው ጭሱን የሚያየው ዘግይቶ ነው። መፈተሻው ቀላል ነው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ቤት ገብተው በርና መስኮት ይዝጉና ቀና ብለው ይዩ። ብርሃን በገባበት ሁሉ ፍንጣሪ ይገባል። ጎጆውን አውጥተው ክፍተቱን በጭቃና በጠጠር ይድፈኑት። አየር የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ቀዳዳው ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ የሽቦ ወንፊት ይመታ። የናይሎኑ አይሆንም፤ ሙቀት ሲነካው ቀልጦ ይከፈታል። አሸንዳ ካለ ውስጡ የተጠራቀመው ቅጠል ይጠረግ።

ማድ ቤቱ

ከዚህ ሁሉ ደካማው እሱ ነው፤ እውነቱን ለመናገር ሌላውን ሁሉ ሠርተው እሱን ቢተዉት ልፋትዎ ግማሽ ነው። የሳር ክዳን ላይ ፍንጣሪ ካረፈ ማንም አያቆመውም፣ ከማድ ቤቱ ወደ ዋናው ቤት ለመድረስ ደግሞ ደቂቃዎች ይበቁታል። ለዛፍ ማስቆረጫ የታሰበ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ እዚህ ይዋል። አራት በአራት ሜትር ለሆነ ማድ ቤት፣ ለታዛው ተርፎ፣ ባለ ሁለት ሜትር ቆርቆሮ ወደ 22 ይፈጃል፤ የቆርቆሮው ስፋት ስለሚለያይ ግን ከመግዛት በፊት አናጢው ይለካ። ቆርቆሮ ሲሆን ጭሱ እንደ ሳሩ በየቦታው ስለማይወጣ እናትዎ እንዳይቸገሩ፣ ከላይ የጭስ መውጫ አስቀድሞ ይታሰብበት። እሱም ላይ ያው የሽቦ ወንፊት ይሁን፤ የምድጃ ብልጭታ ወደ ውጭ እንዳይወጣም ይከላከላል። ወንፊቱን ጥላሸት ስለሚደፍነው በወር አንዴ መጥረግ ያስፈልጋል።

ዘንድሮ ቆርቆሮ ካልተቻለ፣ ክዳኑ ወደ መሬት የቀረበበትን ጎን ይዩ። አብዛኛው የሳር ክዳን ጠርዙ ደረት ድረስ ይወርዳል፤ ከሥሩ ያለ ሳርና ጭራሮ ቢነድ በቀጥታ ይይዘዋል። በዙሪያው አምስት ሜትር ባዶ መሬት ይሁን፣ መሰላል ተደግፎ ይቀመጥ፣ ውሃ የሞላ በርሜል አጠገቡ ይኑር።

እዚያው ሳሉ፦ ረመጥ የት ነው የሚደፋው? የሰደድ እሳት ከተራራ ብቻ አይመጣም፤ ከግቢ ወጥቶ ተራራውን የሚያቃጥልበት ጊዜም አለ። አመድ ከላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ቀናት ሊግም ይችላል። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈር፣ በተደፋ ቁጥር ውሃ ወይም አፈር ይልበስ፣ አፉ በድንጋይ ይከደን።

ጭድ፣ ኩበት፣ አጥር

የጭድ ክምር ለከብቱ እንዲቀርብ፣ ከሌባም እንዲጠበቅ ተብሎ ቤት ጥግ ይከመራል። ርቀቱ 30 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው፤ ካልተቻለ ከ20 አይነስ፣ በቤቱ በኩልም ከክምሩ ቁመት እኩል የሆነ ካብ ይቁም። ከቤቱ ቁልቁል በኩል ግን በፍጹም አይሁን፤ ከጎን፣ በአግድም ይሁን። አንድ ትልቅ ክምር ከሚሆን ሁለት ተደርጎ ይራራቅ፤ አንዱ ቢያዝ ከብቱ የሚበላው አያጣም። በዙሪያው ሦስት ሜትር መሬቱ ተልጦ ይጠረግ። ለዕለት የሚሆነውን ብቻ በረት አጠገብ ማምጣት ይቻላል።

ኩበት ከጭድ የባሰ ተንኮለኛ ነው። ጭድ ቦግ ብሎ ይታያል፤ ኩበት ግን ፍንጣሪ ሲነካው ነበልባል ሳያሳይ ለሰዓታት ይጨሳል፣ እሳቱ አልፎ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ ይነሳል። ከቤቱ 10 ሜትር ርቆ በድንጋይ የተሠራ፣ በቆርቆሮ የተከደነ ትንሽ የማገዶ ቤት ይሠራለት። ለምጣድ ተብሎ በከረጢት የሚጠራቀመው የባህር ዛፍ ቅጠልም ቦታው እዚያ ነው።

አሁን ወደ አጥሩ። የፈረንጅ ጥድ አጥር ከውጭ ሲያዩት ለምለም ነው። እጅዎን ያስገቡና ቅርንጫፉን ገለጥ ያድርጉት፦ ከላዩ አንድ ስንዝር አረንጓዴ፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ግንዱ ድረስ ቡናማ፣ ሲነኩት የሚንኮታኮት ደረቅ። በመቀስ እየተከረከመ በሄደ ቁጥር ውስጡ ፀሐይ ያጣና ይደርቃል፤ ዘይትና ሙጫም አለው። አንድ ጫፉ ላይ እሳት ሲነካው እየተቀባበለ ግቢውን ይዞራል። የእናንተ አጥር ማድ ቤቱን ወይም የበረቱን ጥግ የሚነካ ከሆነ እሳቱን እጁን ይዞ የሚያመጣው እሱ ነው።

ሙሉውን በአንድ ዓመት መንቀል አያስፈልግም፤ ነፋስ ይጠብቃል፣ ድንበርም ነው። ቤት፣ ማድ ቤትና በረት በደረሰበት ቦታ ሁሉ ቢያንስ አምስት ሜትር ተቆርጦ በካብ ይተካ። የቀረው በየ10 ሜትሩ ሁለት ሜትር ክፍተት ተሰጥቶት ክፍተቱ በድንጋይ ይዘጋ፣ ከሥሩ ያለው ደረቅ ቅርንጫፍ እስከ አንድ ሜትር ከፍታ ይመልመል፣ የተጠራቀመው ርጋፊ ይጠረግ። የፈረንጅ ጥድ ከተቆረጠበት ጉቶ አያቆጠቁጥም፤ ስለዚህ አንዴ ከቆረጡት ጨረሱ። የደረቀው ክፍል ድረስ ገፍተው ከከረከሙት ግን ዳግመኛ አረንጓዴ አያወጣም፤ ደረቅ አጥር ይዘው ይቀራሉ። ወይ በሥርዓት ይመልምሉት ወይ ከሥሩ ይቁረጡት።

በምትኩ ምን ይተከል ለሚለው፣ የማይነድ ተክል የለም። ልዩነቱ ውሃ መያዙና ደረቅ ነገር አለማጠራቀሙ ነው። እሬትና በለስ ለአጥር ሥር ጥሩ ናቸው። ሰንሰል ቅጠሉ ስለማይደርቅና ቶሎ ስለሚያድግ ለአጥር ይሆናል። ክንጭብም ውሃ ይይዛል፣ ነገር ግን ወተቱ ዓይን ከገባ ክፉኛ ይጎዳል፤ ልጆች ባሉበት ግቢ ባይተከል ይሻላል። ከቤቱ ከሁለት እስከ አሥር ሜትር ባለው ቦታ ላይ ጓሮው ይስፋፋ፦ ጎመን፣ ሽንኩርት፣ ድንች፣ ጌሾ፣ እንደ ተሁለደሬ ባለ ቦታ ቡናም። የዕቃና የልብስ እጣቢ በቦይ ወደዚያ ቢመራ በበጋም እርጥብ ይሆናል። ሙዝ ጥሩ ነው፤ የደረቀው ቅጠሉ ግንዱ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ ግን ከጭድ አይለይም። ክትክታ በግቢ ዙሪያ አይኑር፤ ቅጠሉ ሙጫ ስላለው እርጥቡም ይነዳል። አገር በቀሉን ጥድ አይቁረጡት። ደረቅ የታችኛ ቅርንጫፉን እስከ ሁለት ሜትር፣ ዛፉ አጭር ከሆነ እስከ ቁመቱ ሲሶ ይመልምሉት፤ ይበቃዋል። አገር በቀል ዛፍ መቁረጥ ግድ ከሆነ አስቀድሞ ቀበሌ ይጠየቅ።

ቁልቁል ያለው ባህር ዛፍ

ባለፈው እሳቱ ከላይ ስለተነሳ ሁላችሁም የምታዩት ወደ ላይ ነው። የሚያሰጋው ግን የታችኛው ነው። እሳት ሽቅብ ሲወጣ ነበልባሉ ወደ ተዳፋቱ ስለሚጋደም ከፊቱ ያለውን እያደረቀና እያሞቀ ይሄዳል። ፀሐይ ተዳፋቱን ካሞቀች በኋላ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋሱም ሽቅብ ነው፤ ማታ ይገለበጣል።

ተዳፋቱን ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ እንጨት ይውሰዱ። አንዱን ጫፍ መሬት አስነክተው ሌላውን ቁልቁል ያርዝሙት። ግማሽ ውሃ ያለበት የላስቲክ ጠርሙስ ላዩ ላይ ያጋድሙና ውሃው እኩል እስኪሆን እንጨቱን ያስተካክሉ። ከዚያ የቁልቁሉ ጫፍ ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደራቀ ይለኩ። 18 ከሆነ ተዳፋቱ 10 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እሳቱ ከሜዳ ይልቅ በእጥፍ ይፈጥናል። 36 ከሆነ 20 ዲግሪ ነው፤ ፍጥነቱም አራት እጥፍ። በዚህ መሠረት በሜዳ 30 ሜትር የሚበቃው የተስተካከለ ቦታ፣ በመጀመሪያው ተዳፋት ወደ ታች 45፣ በሁለተኛው 60 ሜትር ይሁን።

የተስተካከለ ማለት ግን የተመነጠረ ማለት አይደለም። ባህር ዛፉ የቤተሰቡ ገንዘብ ነው። ለአጥሩ የቀረበው 10 ሜትር ብቻ ሙሉ በሙሉ ይቆረጥ፤ አጣናውና ቋሚው ይሸጥ። ከዚያ ወዲያ ባለው ላይ ሦስት ሥራ አለ። ቅርንጫፉ እስከ ሁለት ተኩል ሜትር ይመልመል፣ ከሥሩ ያለ ቁጥቋጦ ይውጣ፣ ግንዱ ላይ የተንጠለጠለ ልጥ በእጅ እየተሳበ ይውረድ። ሦስቱም ሳር ላይ የተነሳ እሳት ጫፉ ድረስ እንዳይወጣ መሰላሉን መስበሪያ ናቸው። ቁጥቋጦ ዛፍ ሥር የግድ ከቀረ፣ በእሱ ጫፍና በዛፉ የታችኛው ቅርንጫፍ መካከል የቁጥቋጦው ቁመት ሦስት እጥፍ ክፍተት ይኑር። የውጭ መመሪያዎች በተዳፋት ላይ በዛፍና በዛፍ ጫፍ መካከል ስድስት ሜትር፣ ሲብስም ዘጠኝ ሜትር ይተው ይላሉ፤ ለአጣና በተተከለ ባህር ዛፍ ላይ ይህን መጠየቅ ቀልድ ነው። እዚህ የሚያዋጣው መሬቱን መጥረግ ነው። ከታህሳስ ጀምሮ በየሁለት ሦስት ሳምንቱ፣ ለቤቱ የቀረበው 20 ሜትር ቅጠልና ቅርፊቱ ይጠረግ።

የቆረጡት ሰዎች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ነው። አንደኛ፣ ግንዱ ተሸጦ ጭራሮውና ቅጠሉ እዚያው ይቀራል። ያ ደረቅ ቅሪት ለመጪው አንድ ሁለት ዓመት ከቆመው ዛፍ የባሰ ማገዶ ነው፤ የካቲት ሳይደርስ መነሳት አለበት። ሁለተኛ፣ ባህር ዛፍ እንደ ፈረንጅ ጥድ አይደለም፤ ጉቶው ያቆጠቁጣል። አንድ ዛፍ ቆርጠው ዞር ቢሉ ከአንዱ ጉቶ አሥር ቀጭን ቡቃያ፣ ከመሬት ጀምሮ ቅጠል የለበሰ ቁጥቋጦ ይነሳል። ያ ደግሞ እሳት የሚፈልገው ቁመት ነው። ባዶ መሆን ባለበት 10 ሜትር ውስጥ ጉቶው ከመሬት እኩል ተቆርጦ፣ ቅርፊቱ ዙሪያውን እስከ ሥሩ ተልጦ፣ አፈር ይልበስ፤ ከዚያም ያወጣውን ቡቃያ ገና በጣት ሲሰበር እየሰበሩ ሁለት ክረምት መከታተል ነው። ሊያሳድጉት በፈለጉት ጉቶ ላይ ጠንካራውን አንድ ወይም ሁለት ቡቃያ ብቻ ይተዉ።

ከባህር ዛፉና ከግቢው መካከል እርሻ ካለ ዕድለኛ ናችሁ። ከማረሻ የተሻለ የእሳት መከላከያ መሣሪያ የለም። የቆመ የማሽላ አገዳ በበጋ ችቦ ነውና በጊዜ ይታጨድ። ሰብሉ እንደተነሳ፣ አፈሩ ውስጥ እርጥበት ሳለ፣ ከአራት እስከ አምስት ሜትር ስፋት ያለው መስመር ሁለቴ ይታረስ። ጥር ድረስ ከቆየ መሬቱ ድንጋይ ይሆንና በሬውም ማረሻውም ይጎዳል። ትልሙ በአግድም ይሁን፤ ቁልቁል የታረሰ መስመር የመጀመሪያው ብርቱ ዝናብ ቦይ፣ ሁለተኛው ቦረቦር ያደርገዋል።

የተከለለው ተራራ

የተከለለ ቦታ ለአፈሩም ለምንጩም ጥሩ ነው። ከብት ስለማይገባበት ግን ሳሩ እየተጠራቀመ ዓመት ከዓመት የሚነደው ነገር ይጨምራል። መፍትሔው አጭዶ መውሰድ ነው። በጥቅምትና በህዳር ሳሩ እንዲታጨድ የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ይጠይቁ፤ ቦታው የወል ስለሆነ አጨዳው በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ይሁን። መጀመሪያ የሚታጨደው ለመንደሩ የቀረበው 20 ሜትር ይሁን። ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቅር፤ ሥሩ አይነቀል። አባትዎ እሳት ፈርተው መሬቱን እስከ አፈሩ ልጠው ቢያጸዱት፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ድንጋዩ ግቢ ውስጥ ይገባል። እስከ አፈሩ መላጥ የሚፈቀደው በአግድም ለሚሄድ ጠባብ መስመር ብቻ ነው፤ ሜዳ ላይ ለጉልበት ቁመት ሳር ሦስት ሜትር፣ ተዳፋት ላይ አምስት ሜትር። የነበረ የድንጋይ እርከን ካለ መስመሩ እሱን ይከተል።

ከላይ የሚመጣ እሳት ሌላ ጠባይ አለው፤ ነበልባሉ ዝግ ይላል፣ ግን የሚነድ ጉማጅ ይንከባለላል። ከቤቱ በላይ ከ10 እስከ 15 ሜትር ላይ ከጉልበት ከፍ ያለ የድንጋይ ካብ ያስቆመዋል። ከካቡ ጀርባ ቅጠል እንዳይጠራቀም ብቻ ይጠበቅ።

መቼ፣ በማን

የባሌ ደን የነደደው በ1992 ዓ.ም. በበጋው ማብቂያ ነበር፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ2011 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ነደደ። ወሎ ላይም የከፋው ጊዜ ከጥር እስከ በልግ መግቢያ ነው። በልጉ ከቀረ ደግሞ የመስከረሙ ሳር እስከ ሰኔ ድረስ እንደደረቀ ይቆያል፤ በዚያ ዓመት ጥንቃቄው አይላላም።

ቅዳሜና እሁድ ብቻ ካለዎት፣ በህዳር የመጀመሪያው ታዛውን፣ ኩበቱንና ረመጡን ይጨርሱ፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ትልቁን አደጋ ግን ይቀንሳል። በሁለተኛው የጣራውን ክፍተትና ምርጊቱን። በሦስተኛው ቤት የነካውን አጥር። ጭዱ ሲወቃ አዲሱ ቦታ ላይ በቀጥታ ይከመር፤ ከተከመረ በኋላ ማንም አያዛውረውም። የባህር ዛፉ ሥራ የአንድ ቤት አይደለም። የጎረቤት ማሳ ካልተጠረገ የእናንተው መጠረግ ግማሽ ነውና ጉዳዩ ቅሬው (እድሩ) ላይ ይነሳ፤ ለለቅሶ የሚሰበሰብ ሰው ለአንድ ቀን ደቦ አይከብደውም። እግረ መንገዱንም ማር ሲቆረጥ ማጨሻው የት እንደሚደፋ፣ ከሰል የሚያከስል ካለ የት እንደሚያከስል ይነጋገሩ።

ግቢ ውስጥ 200 ሊትር በርሜል ሁለት፣ አካፋ፣ ዶማ፣ ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያና መሰላል አንድ ቦታ ይቀመጡ። በጀርባ የሚታዘል የኬሚካል መርጫ በደንብ ታጥቦ ውሃ ቢሞላ ፍንጣሪ ለማጥፋት ከባልዲ ይሻላል፤ 16 ሊትሩ ብዙ ቦታ ያዳርሳል። ለመምቻ እርጥብ የብሳና ወይም የሌላ ሰፊ ቅጠል ዛፍ ቅርንጫፍ ይቆረጥ፤ የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ራሱ ይያያዛል።

እሳት ከታየ ወላጆችዎ ቀድመው ይውጡ፤ ሽቅብ ግን አይደለም። በአግድም ወደ ታረሰ መሬት ወይም ነዶ ወዳለቀ ቦታ ነው የሚኬደው። ከብቱ ይፈታ፣ በረቱ ተከፍቶ ይተው። በርና መስኮት ይዘጋ፣ ቁልፍ አይደረግበት። ፊት ለፊት እሳት ለኩሶ ለማቆም የሚሞክር ሰው ካለ ይከልክሉት፤ ነፋሱ ከዞረ መሐል የሚቀረው ራሱ ነው።

እሳቱ ካለፈ በኋላ ሰው የሚደክምበትና የሚበተንበት ሰዓት ነው፣ ብዙ ቤት የሚያዘውም ያኔ ነው። ሁለት ሰው ይቅር። ቢያንስ ስምንት ሰዓት ያህል፣ በየግማሽ ሰዓቱ፣ ታዛውን፣ የጣራውን ጠርዝ፣ የአጥሩን ሥር፣ የጭዱን ክምር ይዙሩ። የኩበቱን ቤት ከፍተው እጅዎን ከላዩ ያንዣቡበት፤ ከሞቀ አንድ በአንድ እያወጡ ውሃ ውስጥ ይንከሩት።